በቻርሊ ብራውን የገና ካርቱን ማን የማን ድምፅ ነው? የሕፃናቱስ ድምፅ እንዴት ተቀዳ?

ሥዕል_ቤቲ ጠየቀች፦

ሰላም ለቤቱ። በ1965 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ የወጣውን የቻርሊ ብራውንን የገና ካርቱን አሳምሮ የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ማን የማንን ድምፅ እንደሠራ የሚናገሩት ዝርዝሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሉሲ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ አንዱ ትሬሲ ስትራትፎርድ ናት ይላል፣ ሌላው ሳሊ ድራየር። የሽሮደርና የሸርሚ ድምፅ የአንድ ልጅ ነው የሚልም አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ የቻርሊ ብራውን ታናሽ እህት ሳሊ ስትናገር ዐረፍተ ነገሩ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ በተለይ ለገና አባት ደብዳቤ በምታስጽፍበት ቦታ። ሆን ተብሎ ነው ወይስ የቀረጻ ስህተት?

ሦስተኛው የሥራ ጥያቄ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የእረኞቹን ታሪክ በ3 ደቂቃ ካርቱን እየሠራን ነው፤ ሥዕሉም ገጸ ባሕርያቱም የራሳችን ናቸው። ከባለድምፆቹ ትንሿ ገና 6 ዓመቷ ነው፣ ማንበብ አትችልም። ከዚያ ካርቱን የአሠራር ዘዴ መውሰድ ይቻላል? ከብርድ ልብሱ የማይለየው ሊነስ የእረኞቹን ጥቅስ ሲናገር «አትፍሩ» ላይ ብርድ ልብሱን የሚለቅባትን ቅጽበት የመሰለች ነገር በአማርኛ ለማምጣት ሞክረን፣ እጁና ቃሉ አልገናኝ ብለውናል።

የድሮ_ካርቱን መለሰ፦

ሁለቱም ዝርዝሮች እውነት አላቸው፣ ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 1965 በወጣው የገና ካርቱን ሉሲ ትሬሲ ስትራትፎርድ ናት። ሳሊ ድራየር በዚያኛው ላይ ቫዮሌትን ነው የሠራችው። በ1966 ስትራትፎርድ አልቀጠለችም፤ ድራየር ወደ ሉሲ ተዛወረችና በዚያው ዓመት የወጡትን የቻርሊ ብራውን ካርቱኖች፣ የቤዝቦሉንም የሃሎዊኑንም ሠራች። የሃሎዊኑን ዝርዝር ገልብጦ ገና ላይ የሚለጥፍ ሰው ነው ግራ ያጋባችሁ።

የገናው ይኸውላችሁ። ቻርሊ ብራውን ፒተር ሮቢንስ ነው፣ በጊዜው የ9 ዓመት ልጅ። ሊነስ ክሪስቶፈር ሼይ፣ 7 ዓመቱ። ሉሲን አልን። ሦስቱ ከዚያ በፊትም የትወና ልምድ ነበራቸው፤ ስትራትፎርድን ለምሳሌ በ1963 በ«ዘ ትዋይላይት ዞን» የቴሌቪዥን ድራማ የምትናገረው አሻንጉሊት ክፍል ላይ ታገኟታላችሁ። ሳሊ ካቲ ስታይንበርግ ናት። ሽሮደርና ሸርሚ አዎ፣ ሁለቱም ክሪስ ዶራን ነው። ፒግ-ፔን ጄፍሪ ኦርንስታይን፣ ፍሪዳ አን አልቲዬሪ፣ ፓቲ ካረን ሜንደልሰን። የውሻው የስኑፒ ድምፅ ደግሞ ልጅ አይደለም፤ የካርቱኑ ዳይሬክተር ቢል ሜሌንዴዝ ራሱ ነው።

ዝርዝር ስታመሳክሩ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ። ሳሊ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች፣ ሳሊ የምትባል ባለድምፅም አለች፤ አይገናኙም። ፓቲ ደግሞ ፔፐርሚንት ፓቲ አይደለችም። ፔፐርሚንት ፓቲ ካርቱኑ በተወሰደበት የጋዜጣ ሥዕል ላይ ራሱ የታየችው በ1966 ነው። የገናዋ ፓቲና ሸርሚ የጋዜጣው ሥዕል ባለቤት ቻርልስ ሹልዝ ኦክቶበር 2 ቀን 1950 ባወጣው የመጀመሪያ ስዕል ላይ መንገድ ዳር ተቀምጠው የነበሩት ሁለቱ ናቸው። ፍራንክሊን የመጣው በ1968 ስለሆነ፣ ፍራንክሊንን ወይም ማርሲን ከ1965ቱ ባለድምፆች ጋር የሚቆጥር ገጽ ካገኛችሁ ዝጉትና እለፉ።

የዶራንን ነገር በጆሯችሁ ልታጣሩ ትችላላችሁ። ሸርሚ በየገናው የእረኛ ቦታ ብቻ እንደሚሰጠው የሚያማርርባት አንዲት ንግግር ነው ያለችው። እሷን ሰምታችሁ ወዲያው ሽሮደር ፒያኖው ላይ ከሉሲ ጋር ስለ ቤትሆቨን ወደሚከራከርበት ዝለሉ፤ ጉሮሮው አንድ ነው።

መዝሙሩን የሚዘምሩትም እነዚህ ልጆች አይደሉም። የካርቱኑን ሙዚቃ የሠራው ቪንስ ጉዋራልዲ የተጠቀመው በካሊፎርኒያ ሳን ራፋኤል ያለውን የቅዱስ ጳውሎስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት መዘምራን ነው። ትንሽ ከቃና መውጣታቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ነው ጣዕሙ፤ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ድምፅ_ክፍል መለሰ፦

የሳሊን መቆራረጥ እኔ ልመልስ። ስህተት አይደለም፣ የተቀነባበረ የትወና ዘዴም አይደለም። ካቲ ስታይንበርግ ከዋናዎቹ ሁሉ ትንሿ ነበረች፣ ማንበብ አትችልም፤ ንግግሩን ቁራጭ ቁራጭ እያሉላት ትደግማለች፣ ከዚያ ቴፑ ተቆርጦ ይቀጠላል። የምትሰሚው የቅጥያው ቦታ ነው። ሳሊ ለገና አባት ብዙ ዕቃ ዘርዝራ፣ ካስቸገረህ ገንዘብ ላክልኝ የምትልበት ቦታ ያስቀናል፤ እያንዳንዷ ሐረግ እኩል ክብደት ይዛ፣ እኩል በእርግጠኝነት ትወርዳለች። ትልቅ ሰው አስመስሎ ቢሞክረው እንዲህ አይወጣለትም።

አንድ ሌላ ነገር፦ በቀረጻው ወቅት ጥርሷ ይነቃነቅ ስለነበር ሳይወልቅ ለመጨረስ ተጣድፈው ነው የቀዱት። ይህን እንደ ቀልድ አትለፉት። 6 ዓመት የፊት ጥርስ የሚለቅበት ዕድሜ ነው፤ የፊት ጥርስ ከሄደ በአማርኛ ሰ፣ ዘ፣ ሸ፣ ጸ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። «ሰማይ»፣ «እረኞች ሰሙ»፣ «ጸጋ» ያለበት ጽሑፍ ግማሹ በጥርስ ግማሹ ያለ ጥርስ ከተቀዳ በምንም ማሽን አይጠገንም። ስለዚህ የሷን ክፍል በሙሉ በአንድ ቀን ቅዱ፤ «እህ»፣ «ኧረ»፣ ሳቋን፣ ትንፋሿን ጭምር። በኋላ መቀጠያ ይሆናችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድምፁ ከሥዕሉ ይቀድማል፤ አፍ የሚሳለው የተቀዳውን እየለኩ ነው። ጽሑፉን ከ3 እስከ 5 ቃል ባላቸው ቁራጮች ክፈሉት። ችግሩ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። «እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን» ላይ ቆርጣችሁ «ይጠብቁ ነበር»ን ለብቻ ብትሰጧት፣ ሕፃን የተሰጣትን ሁሉ ያለቀ ዐረፍተ ነገር አድርጋ ስለምትወስድ «መንጋቸውን» ላይ ድምፅዋን ትጥላለች። ስትቀጥሉት እዚያ ላይ አራት ነጥብ ያለ ይመስላል። «እረኞቹ በሌሊት / መንጋቸውን ይጠብቁ ነበር» ብላችሁ ክፈሉ፤ ግሡና የሚገዛው ቃል አይለያዩ።

ንግግሩን የሚነግራት አንድ ሰው ይሁን። እናቷ ባትሆን ይሻላል፤ ልጅ እናቷ ፊት ስትሆን ፊቷን እያየች «ጥሩ አልኩ?» በሚል ቃና ነው የምትናገረው። ነጋሪው ዜማ ሳያበዛ፣ በተራ ድምፅ ይበል። እሱ ተውኖ ከነገራት የሱን ትወና ትቀዳለች፣ ከ6 ዓመት ልጅ አፍ የሰላሳ ዓመት ሰው አነጋገር ይወጣል። መጀመሪያ ሁኔታውን ንገሯት («ጨለማ ነው፣ በጎቹ ተኝተዋል፣ ድንገት ብርሃን መጣ»)፣ ቀጥሎ ቃሉን። ነጋሪው ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰከንድ ዝም ትበል፤ ካልሆነ ሁለቱ ድምፆች ይነካካሉ፣ መቁረጫ ቦታ ታጣላችሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አስቀድታችሁ ማለፍ ነው። አምስተኛው ላይ ቃሉ ትርጉሙን ያጣባታል። ቀረጻው ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ከዚያ ውኃና ዕረፍት።

ማይክሮፎኑን ከአፏ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ ከአፏ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያዘንብል። ፊት ለፊት ከሆነ ጰ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እየፈነዱ ያስቸግሯችኋል፤ ፐም በትንፋሽ ይመታል። ቆማ ትናገር፣ የሚሽከረከር ወንበር አይኑር። ወረቀት አለመያዟ በእናንተ በኩል ትርፍ ነው፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም። የድምፁ ጫፍ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይውደቅ፤ ልጅ ድንገት ትጮሃለች። ጩኸት ካላችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቅዱት፣ አስቀድማችሁ ካስጮኻችኋት ቀሪው ጎርናና ይሆናል። (የፒተር ሮቢንስ «አአአ!» የሚለው ጩኸት በኋለኞቹ ካርቱኖችም ተመልሶ ገብቷል። ጥሩ ጩኸት በየቀኑ አይገኝም።)

ሁሉም ካለቀ በኋላ ክፍሉን ባዶውን 30 ሰከንድ ቅዱ። በቁራጮቹ መካከል የምትሞሉት በዚህ ነው። ፍጹም ዝምታ ከሞላችሁበት ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፤ ድምፁ የጠፋ እንጂ ልጅቷ ዝም ያለች አይመስልም። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ከሆነ የምትሠሩት፣ ክፍተቱ ከ12 ፍሬም አይብለጥ። እስከዚያ ድረስ ያምርባታል፣ ካለፈ የረሳች ይመስላል።

ሥዕል_ቤቲ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የግሡ ነገር በትክክል የገጠመን ነው። ከቡድናችን አንዱ ግን «ለምን እንለፋለን፣ ድምፅዋ ቀጭን የሆነች ትልቅ ሴት ትሥራው» እያለ ነው። ምን ትላላችሁ?

ባለ_ሬዲዮ መለሰ፦

ያም የታወቀ መንገድ ነው፣ ያውም በገና ካርቱን። በዲሴምበር 1964 በኤንቢሲ የወጣውን የቀይ አፍንጫውን አጋዘን የሩዶልፍን የአሻንጉሊት ፊልም ውሰዱ። ሩዶልፍ ቢሊ ሜይ ሪቻርድስ ናት፣ በጊዜው ከ40 ዓመት በላይ የሆናት ካናዳዊት። በስም ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያ ስሟ የወንድ በሚመስል አጻጻፍ ስለወጣ ብዙ ሰው ወንድ ልጅ ነው ብሎ አልፎታል። ድምፁ ቶሮንቶ ተቀድቶ አሻንጉሊቶቹ በጃፓን ነው የተቀረጹት፤ ፍሬም በፍሬም እያንቀሳቀሱ ለሚቀርጹት ቴፑ አልቆ መድረስ አለበት። የሚደገም ነገር ሲኖር ልጅ ፍለጋ መሄድ አይቻልም።

ትልቅ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፣ ደራርቦ ይሠራል። ፖል ክሊግማን የሩዶልፍን አባት ዶነርንም፣ አሠልጣኙን ኮሜትንም ሠርቷል። ስታን ፍራንሲስ የገና አባትም ነው፣ የማይፈለጉት አሻንጉሊቶች ደሴት ንጉሥም ነው። ሪቻርድስ በ1976 እና በ1979 በወጡት ተከታዮች ላይ ተመልሳ ሩዶልፍን ሠርታለች፤ ድምፁ አላደገም። ቻርሊ ብራውን ግን ሮቢንስ እስከ 1969 ሠርቶ ድምፁ ሲጎረምስ ሌላ ልጅ ተተካ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ትልቅ ሴት። ለአንድ የ3 ደቂቃ ሥራ ግን ልጅቷን አትተዉ። እረኛ ሆና መልአክ አይቼ ፈራሁ የምትል ትልቅ ሴት በቀጭን ድምፅ ስትናገር ሕፃናቱ ራሳቸው ይስቁባችኋል።

ደራርቦ መሥራት ካስፈለጋችሁ ገናን ሊሰርቅ ስለሚነሣው ክፉ ፍጡር ስለ ግሪንች በ1966 ከወጣው ካርቱን አንድ ዘዴ አለ። ተራኪውም ግሪንችም ቦሪስ ካርሎፍ ነው። ሁለቱን የሚለየው ትወናው ብቻ አይደለም፤ በግሪንች ንግግር ላይ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ቀንሰውበታል፣ ለዚህ ነው የሚሻክረው። ትሬብሉን (ቀጫጭኑን ድምፅ) ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ቀስ እያደረጋችሁ ብታወርዱ ተራኪያችሁ ሄሮድስም ይሆንላችኋል። ከልክ ካለፈ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ የሚናገር ይመስላል፣ ሰ እና ሸ መለየት ሲያቅት ተመለሱ።

በነገራችን ላይ የግሪንችን ዘፈን ካርሎፍ አይደለም የዘፈነው፤ ተርል ሬቨንስክሮፍት ነው። በመጨረሻው ስም ዝርዝር ስላልገባ ዛሬም ድረስ ለካርሎፍ ይሰጡታል። የሕፃናቱን ስም በትክክል ጻፉ፣ አንድም አይቅር።

ግዕዝ_ተማሪ መለሰ፦

እጁና ቃሉ ያልተገናኙት በእናንተ ጥፋት አይደለም፣ በቃላት ቅደም ተከተል ነው። ሊነስ በቃሉ የሚናገረው ሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 ነው። በእንግሊዝኛው ቁጥር 10 ላይ መልአኩ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ቃል «አትፍሩ» ነው፤ የሊነስ እጅ የሚላላው እዚያ ላይ ነው። በተለመደው አማርኛችን ግን እንዲህ ይላል፦ «እነሆ፥ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ»። ስምንት ቃል አልፎ ነው የሚመጣው። ሥዕሉን በእንግሊዝኛው ልክ ከሠራችሁት ጨርቁ መሬት ደርሶ ልጁ ገና «ለሕዝቡ ሁሉ» ላይ ነው።

የሚያስቀው ግዕዙ ነው። በግዕዝ «ኢትፍርሁ» መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ ከሊነስ እጅ ጋር ልክክ ይላል።

የአማርኛውን ቃላት ግን አታገላብጡ፤ ልጆች ጥቅሱን ከዚህ ሰምተው ነው በቃላቸው የሚይዙት። ይልቅ እንቅስቃሴውን ወደ ቃሉ ውሰዱት። «እነሆ» ሲል እጁ ጨርቁን አጥብቆ ይያዝ፤ «ታላቅ ደስታ» ላይ ጣቶቹ ላላ ይበሉ፤ «እነግራችኋለሁና» ላይ አንዱ ጫፍ ይንሸራተት፤ «አትፍሩ» ላይ ይውደቅ። አማርኛው ቃሉን እስከ መጨረሻ ስለሚያቆየው ከእንግሊዝኛው የተሻለ መጠበቅ ይፈጥራል ባይ ነኝ። ሥዕል ከድምፅ አንድ ሁለት ፍሬም ቢቀድም ዓይን ይቀበለዋል፣ ቢዘገይ ግን አይቀበለውም። ስለዚህ ጨርቁ ከእጅ የሚለቅበት ፍሬም «ፍ» ከሚሰማበት ሁለት ፍሬም ይቅደም።

ከንባቡ ሥር ሙዚቃ አታስገቡ። በሊነስም ሥር የለም፤ ባዶ መድረክ፣ አንድ መብራት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ብቻ።

ማሙሽ_88፦

ስኑፒስ እንዴት ነው የተሠራው? አስተማሪዋ «ዋ ዋ ዋ» የምትልበትንም የት አገኛለሁ? የገናው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

የድሮ_ካርቱን መለሰ፦

ያጣኸው ስለሌለ ነው። በገናው ካርቱን አንድም የትልቅ ሰው ንግግር የለም። «ዋ ዋ» የመጣው በጁን 1967 በወጣው ክፍል ነው፣ በትሮምቦን የተነፋ።

ስኑፒን ሜሌንዴዝ ትርጉም የሌለው ቃል ማይክሮፎን ላይ እያነበነበ ቴፑን አፈጠነው። ተዋናይ ሊፈለግለት ነበር፣ ጊዜ አልቆ የሱው ቀረ፤ እሱ በ2008 ካረፈ በኋላም በ2015ቱ የሲኒማ ፊልም ላይ የሰማችሁት ከድሮ ቅጂዎቹ የተወሰደ ድምፁን ነው። ቤቲ ለበጎቹ ከፈለግሽው፣ በዝግታ ተናገሩና ፍጥነቱን እጥፍ አድርጉት፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ ርዝመቱ በግማሽ ያጥራል። ኮምፒውተሩ ላይ «ቃናውን ጠብቅ» የሚለውን ምልክት አጥፉ፣ አለዚያ የቸኮለ ሰው እንጂ እንስሳ አይሆንም። እውነተኛ ቃል ደግሞ አታስገቡ፣ አማርኛ በእጥፍ ፍጥነትም ይሰማል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስትመለከቱት ግር እንዳይላችሁ። መጀመሪያ ላይ በበረዶ ሲንሸራተቱ ስኑፒ ቻርሊ ብራውንንና ሊነስን አሽከርክሮ ይለቃቸዋል፤ ቻርሊ ብራውን ዛፍ ይመታል፣ ሊነስ የት እንደገባ አይታይም። በ1965 ስፖንሰሩ ኮካ ኮላ ስለነበር ሊነስ የሱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር የሚመታው። ያ ክፍል ከኋለኞቹ ቅጂዎች ተቆርጧል።

ሥዕል_ቤቲ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሕፃኗን ጥርስ አይተነው ነበር፣ የላይኛው የፊቱ ይነቃነቃል። ቀረጻውን ለቅዳሜ ይዘነዋል።

ድምፅ_ክፍል፦

ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ማክሰኞ? ነገ አድርጉት። እስከዚያ ደግሞ ቆሎ አትስጧት።